ለውሃ የተሰጠ ሰው

ውሃ ሲያጓራ አልፈራም፤ የምፈራው ዝም ሲል ነው። ክረምት ከአንኮበር ተራራ ጎርፍ ሲወርድና ድንጋዩ እርስ በርሱ ሲጋጭ ልጆቼ ጉያዬ ይወሸቁ ነበር፤ እኔ ግን እንቅልፌን እለጥጠው ነበር። በጥር ወር፣ ሰማዩ ጠርቶ ሰው ሁሉ ለበዓል ሽር ጉድ ሲል፣ የወንዙ ድምፅ ቀነስ ያለ ከመሰለኝ የያዝኩትን ጥዬ ወደ ጓሮ እሮጣለሁ። ጎረቤቶቼ ይህን አመሌን እያዩ ይሥቁብኛል። ይሣቁ። ነገሩን የሚያውቁት አብዛኞቹ ዐርፈዋል፤ እኔም ተራዬ ሳይደርስ፣ አባቴ ዳዊት እንድደግም ብለው ባስተማሩኝ ፊደል ላስቀምጠው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ጊዜው ከብቱን ሁሉ የፈጀው ክፉ ቀን ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ገና አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። አባቴ የደብራችን አለቃ ነበሩ፤ ቤታችንም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዝቅ ብሎ ነው። ወንዙ ከበላያችን ካለው ጫካ ይነሣና የደብሩን ሜዳ አቋርጦ፣ በጓሯችን ሥር አልፎ፣ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ይወርዳል። ከአልዩ አምባ ገበያ በታች ቆላውን ይዞ ሲሄድ አንድ ትልቅ ዋርካ ያለበት መሻገሪያ ላይ ይደርሳል። አገራችን የምታበቃው እዚያ ነው። ከዋርካው ወዲህ የሸዋ ንጉሥ ይገዛል፤ ቀረጥ ተቀባዩም የሚቀመጠው ከወዲህ ነው። ከዋርካው ወዲያ ያለው የአዳሎች አገር ነው፤ ያን ጊዜ አፋሮችን አዳል እንላቸው ነበር። የራሳቸው ባላባትና የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ የኛ ንጉሥ ትእዛዝ ዋርካው ጋ ሲደርስ ወሬ ብቻ ይሆናል። ውሃው ግን ማንንም ሳይጠይቅ ይሻገራል።

ከሰርጌ በፊት በነበረው በጋ የኛ ሰዎች ወንዙን በየቦዩ ጠልፈው ለሽንኩርታቸውና ለመስኖ ገብሳቸው ጨረሱት። ከታች የአዳሎች ከብት በጥም አለቀ። እነሱም ወጥተው ቦያችንን ናዱ፤ ከዚህም ከዚያም ሰው ሞተ። ከሞቱት የኛ ልጆች አንዱ አብሮኝ ጡት የጠባ የጎረቤት ልጅ፣ የጡት ወንድሜ ነበር፤ ሰርጌ ላይ ይጨፍራል ብዬ የምጠብቀው እሱን ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው የሁለቱ አገር ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ተቀምጠው የተማማሉት።

መሐላው እንዲህ ነበር። ከእሑድ እስከ ረቡዕ ውሃው የኛ ነው፤ የምንጠልፈውን ጠልፈን የተረፈችው ትወርዳለች። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ የነሱ ነው፤ አንዲት ቦይ አንከፍትም፣ ውሃውንም አናቆምም። የግድ የምናቆምበት ነገር ከመጣ፣ ውሃው ሳይቆም በፊት አንድ ሰው እርጥብ ሣር ይዞ እስከ ዋርካው ይወርዳል፤ ይናገራል፣ መልስ ይጠብቃል። እነሱም በበኩላቸው ጦር ይዘው ከዋርካው ወዲህ አይወጡም። የኛዎቹ በወንጌል ማሉ፣ እነሱ በቁርዓን። መሐላ ብቻውን ለማንም ስላልበቃ ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ሰው መያዣ ሆኖ እስከ ክረምት በሌላው አገር እንዲቀመጥ ተስማሙ። መሐላውን ያፈረሰ ወገን መያዣው ይሞትበታል።

«የሚያማችሁን ሰው ስጡን» አሉ አዳሎቹ። የሚያመን ማን እንደሆነ ለማወቅም አልተቸገሩም። ውሃው የሚያልፈው በደብሩ መሬት ነው፤ በደብሩ መሬት የሚያዙት አባቴ ናቸው፤ አባቴ ደግሞ ከኔ ሌላ ልጅ የላቸውም። ስለዚህ ባሌን ጠየቁ። ጨው ሲነግድ ቋንቋቸውን የለመደ ሰው ነበርና «እሺ፣ እኔ ልሂድ» አለ። የኛ ሽማግሌዎች እንትፍ እንትፍ እያሉ ሲመርቁት ዋሉ፤ ከራሱ ቤት ሰው ላቅርብ ያለ ግን አልነበረም። በምትኩ እነሱ አንድ ሽማግሌ ሰጡን። ባሌ የሚቀመጠው የእኒሁ ሽማግሌ ልጅ ዘንድ ነው።

ሽማግሌው በኅዳር ብርድ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሰው ነበሩ። አማርኛቸውን ከአልዩ አምባ ገበያ ለቃቅመውታል። ብርዱ አጥንታቸው ድረስ ስለገባ አባቴ ከደብረ ብርሃን የመጣ ወፍራም ባና ሰጧቸው፤ እሱን ተከናንበው በራፍ ላይ ይውላሉ። ከኛ እርድ አይበሉም። አልዩ አምባ ያለች አንዲት አርጎባ ነጋዴ አልፎ አልፎ በእስላም እጅ የታረደ ሥጋ ትልክላቸዋለች፤ በሌላው ቀን ወተት ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ እኛ ምራቃችንን እየዋጥን፣ ላም አልቤ ለሳቸው ይዤ ስገባ የሠፈሩ ሴቶች አፋቸውን ይዘው ያዩኛል። አንዷማ «ቤቱን ሁሉ ጾም ልታስፈቺው ነው» ብላ ቀለደችብኝ።

እሳቸው የኛን ሰዎች ይፈራሉ፤ እኔ የሳቸውን። ጠዋት ጠዋት ወደ ጓሮ ይወርዱና ወንዙ መሀል ያለ አንድ ጥቁር ድንጋይ ያያሉ። በነሱ ቀን ውሃው የድንጋዩን ወገብ ከነካ ፊታቸው ይፈታል። እኔም ሳይታወቀኝ ድንጋዩን ማየት ለመድኩ። ድንጋዩ ከረጠበ ባሌ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ የኔ ሂሳብ እሱ ነበር።

«ልጅዎ እንዴት ያለ ሰው ነው?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

«ቁጡ ነው» አሉኝ። መደንገጤን አዩና ሊያጽናኑኝ ፈለጉ። «ግን አይዞሽ ልጄ፣ ወላሂ ቃሉን አያጥፍም።»

ከቁጣው ይልቅ ያስፈራኝ ይኸኛው ነው። መሐላው ከፈረሰ ባሌን እገድላለሁ ብሎ ቃል የሰጠው እሱ ነዋ።

ጥምቀት ያን ዓመት ማክሰኞ ዋለ። ሰኞ ከተራ ነው፤ ታቦታቱ የሚወርዱት ደብራችን ሜዳ ላይ ወንዙን ከትረን ወደምንሠራው ኩሬ ነው። ከአንኮበር ሹማምንቱ ይመጣሉ፣ የየአጥቢያው ካህናት ይመጣሉ። ዝናቡ ደህና በሆነበት ዓመት ኩሬው በአንድ ቀን ጢም ይላል። በዚያ ዓመት ግን ወንዙ ቀጥኖ፣ ልብስ የምናጥብበት ያህል እንኳ በጭንቅ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ወተት ይዤ ስወጣ ሽማግሌው በራፍ ላይ የሉም። ጓሮ ወርጄ አገኘኋቸው። ባናቸውን ዳር ጥለው ወንዙ መሀል ቆመዋል፤ እግራቸው ደረቅ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ እስከ ሥሩ ደርቆ፣ ከዚያ በፊት ያላየሁት ነጣ ያለ ግርጌው ወጥቷል። ወንዙ ጭጭ ብሏል።

«ልጄ፣ ውሃችንን ማን ያዘው?» አሉኝ።

ቁጣ አልነበረበትም። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በብርድ ነው ብዬ ልቤን ላታልለው ሞከርኩ።

ሽቅብ ሮጥኩ። ቦይ የከፈተ ሌባ አገኛለሁ ብዬ ድንጋይ ሁሉ አንሥቼ ነበር። ቦዮቹ ግን እንደ ተደፈኑ ናቸው፤ የነካቸው የለም። የደብሩ ሜዳ ስደርስ ዘፈን ሰማሁ። ጎረምሶቹ ወንዙን በድንጋይ አግደው፣ በጭቃ መርገው፣ በላዩ ከጨፌው ሣር ከነሥሩ እየቆረጡ ይደረድራሉ። ኩሬው እስከ ግማሹ ሞልቷል፤ ሰማዩ ውስጡ ይታያል። እንዲያ ያማረ ውሃ አይቼ አላውቅም። አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዳር ቆመው በደስታ ያያሉ።

«አባባ፣ ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው።»

«ቀን ልትነግሪኝ ነው የመጣሽው? ባሕረ ሐሳብ የማወጣው እኔ!» ብለው ሣቁ።

«የነሱ ቀን ነው። ወንዙ ከታች ደርቋል።»

«ቦዮቹን በዓይኔ አይቻቸዋለሁ፤ አንዱም አልተከፈተም። መሐላችንን ጠብቀናል።»

«ይህስ?» አልኩ ወደ ኩሬው እያሳየሁ።

ኩሬውን አዩት፤ እኔን አዩኝ። «ይህ እኮ ለታቦት ነው። ውሃውን ማን ወሰደው? ይኸው ተቀምጧል። እሑድ ብንጀምር ለሰኞ አይደርስም ብዬ ነው። ማክሰኞ ተባርኮ ይለቀቃል፤ ለነሱም በረከት ነው።»

አልዋሹም። መሐላው ላይ «ውሃ አናቆምም» ሲባል አባቴ ያሰቡት ገበሬውንና ሽንኩርቱን ነው። ጥምቀት ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ ማንም ፈቃድ አይጠየቅበትም። ዋርካው ሥር ከተቀመጡት የኛ ሽማግሌዎችም አንድ ሰው አላነሣውም። ሁሉም ያውቀዋልና ለማን ይናገሩታል? አዳሎቹ ግን ከተራ ምን እንደሆነ ከየት ያውቃሉ? እነሱ የሚያዩት ደረቅ አሸዋ ነው።

«ከብቶቻቸው ይህን ሐሙስ ሲጠብቁ ነው የሰነበቱት» አልኩ። «እስከ ማክሰኞ ይቆያሉ? እሱስ ይቆያል?»

«እሱስ» ያልኩት ባሌን እንደሆነ ገባቸው። ሣቃቸው ከፊታቸው ጠፋ። ኩሬውን ያፍርሱልኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

ሰው ተሰበሰበ። አንድ ደብተራ «ለእስላም ከብት ብለን የታቦት ውሃ እንልቀቅ?» አለ፤ የተሰበሰበውም አጉረመረመ። አባቴ ሕዝባቸውን ይፈሩ እንደነበር ያን ዕለት አየሁ። ወዲህ ወዲያ ብለው በመጨረሻ «መሐላው ራሱ መንገድ አለው፤ አንድ ሰው ሣር ይዞ ይውረድና እንዲፈቅዱልን ይጠይቅ» አሉ። ሁሉም ደስ አለው። ማን ይውረድ ሲባል ግን የአንዱ እግር ታመመ፣ የሌላው በሬ ጠፋ፣ ደብተራውም ወረብ የሚያጠናበት ሰዓት ደረሰ። ውሃው ከቆመ በኋላ የሚወርድ ሰው እንደማይመለስ ሁሉም ልቡ ያውቃል።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጎረምሶቹ ሌላ ሥራ አገኙ። ጦራቸውን ይዘው መጥተው «ሽማግሌው እንዳያመልጥ» ብለው ደጃችን ተቀመጡ። ሽማግሌው ባናቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ጥግ ያዙ። አባቴን «እኔ እወርዳለሁ» ብላቸው «እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም» አሉ። እኔም አልተከራከርኳቸውም።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ላሟን አለብኩና ወተቱን ለሽማግሌው ሰጠሁ። የምሄድበትን ነገርኳቸው። «ልጄን ካገኘሽው፣ አባትህ ወተት ይጠጣል በይው» አሉኝ።

«ይኸው ነው?»

«ይበቃዋል።»

ስወጣ ደጃፉ ላይ ከጎረምሶቹ ጦር አጠገብ አንድ ዶማ ተደግፎ አየሁ። ለኩሬው ነው ብዬ አለፍኩ። ከጨፌው እቅፍ ሣር አጭጄ ቁልቁለቱን ያዝኩት።

አልዩ አምባ ስደርስ ለሽማግሌው ሥጋ የምትልከውን ነጋዴ ደጇ ላይ አገኘኋት። ነገሩን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። «ሣሩን ጣዪና ወደ ቤትሽ ግቢ፣ እቴ» አለችኝ። አልጣልኩም። ወደ ቤት ገብታ ሻሿን አስራ ወጣች። «ብቻሽን ብትሄጂ ማን ይተረጉምልሻል? ሁለት ሴት አይገድሉም፣ ኢንሻአላህ።»

ኢንሻአላህ ማለቷ ይብሱን አስፈራኝ።

መንገዳችን በደረቀው ወንዝ ውስጥ ነበር። ትንንሽ ዓሦች የቀረችው ጭቃ ላይ ተጋድመው አፋቸውን ይከፍታሉ። ዝንጀሮዎች አሸዋውን በእጃቸው ይጭራሉ፤ ስናልፍ እንኳ አልሸሹንም። ወንዙ በተጠማዘዘ ቁጥር ከመታጠፊያው ወዲያ የባሌ ሬሳ የሚጠብቀኝ ይመስለኝና እግሬ አልታዘዝ ይለኛል። ሣሩ በሙቀቱ መጠውለግ ጀመረ። የሞተ ሣር ይዘሽ መጣሽ ቢሉኝስ ብዬ ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግሁት።

ዋርካውን ከማየታችን በፊት ከብቶቹን ሰማን። የተጠማ ከብት ድምፅ እንደ ሰው ልቅሶ ነው፤ ቁጣ የለበትም፣ ማለቂያም የለውም። ከዚያ ሰዎቹን አየን። ጦራቸውን አሸዋው ላይ ተክለው፣ ጎራዴ መሳይ ቆልማማ ቢላቸውን ታጥቀው ክብ ሠርተው ቆመዋል። በመካከላቸው አንድ ሰው ጉድጓድ ይቆፍራል፤ እስከ ደረቱ ገብቷል። ባሌ ነበር።

መቃብሩን ሲያስቆፍሩት ደረስኩ አልኩ። ጮኼም ይሆናል፤ አላስታውስም። አሸዋው ላይ ተንበርክኬ መነሣት አቃተኝ። ነጋዴዋ ክንዴን ይዛ ሳበችኝና «ቁሚ። ሣሩን አውጪ» አለችኝ።

ሣሩን አውጥቼ በሁለት እጄ ያዝኩ። ከክቡ ውስጥ አንድ ረጅም ሰው ወጥቶ መጣ። ሽማግሌውን ወጣት አድርጌ ያየሁ መሰለኝ፤ ልጃቸው እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም። የሚናገረውን ነጋዴዋ ትተረጉምልኛለች።

«ሣር የያዘ ሰው የሚመጣው ውሃው ሳይቆም ነው።»

«አዎ» አልኩ። ምን ልበል?

«ለምን ቆመ?»

ጥምቀትን ነገርኩት። በዓመት አንዴ እንደሆነ፣ ለእርሻ እንዳልሆነ፣ ማንም እንዳልሰረቀ፣ ሰኞ ታቦት እንደሚወርድ፣ ማክሰኞ እንደሚለቀቅ። ስናገር ነገሩ በጆሮዬ እየቀለለ ሄደ፤ ከኋላው ከብቶቹ ይጮኻሉ። ሰውዬው ሰምቶ ሲጨርስ አንድ ነገር ጠየቀ። ነጋዴዋ ልትተረጉመው አልፈለገችም፤ ዓይኔን ከሷ አልነቅል ስል ተረጎመችው።

«አምላካችሁ ከኛ ከብት ሁሉ የበለጠ ይጠጣል ወይ ይልሻል።»

ያን ጊዜ የሽማግሌው ቃል ትዝ አለኝ። «አባትህ ወተት ይጠጣል» አልኩት።

የኛን ጾም ከገበያ ያውቀዋል መሰለኝ፣ «ዛሬ ዓርብ አይደለም?» አለ።

«ዛሬም ጠዋት አልቤ ሰጥቼአቸው ነው የመጣሁት።»

ፊቱን አዞረ። እኔም ወደ ጉድጓዱ እያየሁ፣ የማልፈልገውን መልስ ጠየቅሁ። «ይህ ጉድጓድ ምንድን ነው?»

«ውሃ እንፈልጋለን። ከአሸዋው ሥር ከወጣ ጥጆቹ እስከ ነገ ይቆያሉ። ካልወጣ ግን...» ቀሪውን ነጋዴዋ አልተረጎመችልኝም። ባሌ ግን ቋንቋውን ይችላል፤ ሰምቷል። ከጉድጓዱ ቀና አለና አየኝ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

«አሸዋው መቀዝቀዝ ጀምሯል፤ አትፍሪ» አለኝና ተመልሶ ጎነበሰ።

አትፍሪ ይላል! እየተሽቀዳደመ የሚቆፍረው እሱ ራሱ ለምን ይሆን? ያ ጉድጓድ ከሁለት አንዱን እንደሚሆን እዚያ ያለን ሁሉ እናውቃለን። የገረመኝ ከጥቂት በኋላ የሽማግሌው ልጅ ቢላውን ፈትቶ ለጓደኛው ሰጠና እሱም ገባ። ባሌ ሲደክመው እሱ ይቆፍራል፣ እሱ ሲደክመው ባሌ። ሁለቱም ልብሳቸው እስኪርስ አላባቸው፤ እርስ በርሳቸው ግን አልተያዩም። እኔ ዋርካው ሥር ሆኜ ጸሎት ጀመርኩ። ከአቡነ ዘበሰማያት ግማሹ ጠፋኝ።

ቀኑ ሲጋመስ ጭቃ ወጣ፤ ቀጥሎ ድፍርስ ውሃ፣ እፍኝ እፍኝ። በቅል እየቀዱ ለጥጆቹ አጠጡ። ለአንዱ ሲሰጡ አሥሩ ይጋፋል፤ ላሞቹማ አፋቸውን እንኳ አላረጠቡም። እንዲህ ሆኖ ማክሰኞ እንደማይደረስ ልጅም ቢሆን ያየዋል። ሰዎቹ መነጋገር ጀመሩ። ድምፃቸው ከፍ ሲል ነጋዴዋ እጄን ጨብጣ ያዘች።

መጀመሪያ የሰሙት ከብቶቹ ናቸው። ጩኸታቸውን ባንዴ አቆሙና ራሳቸውን ወደ ላይ፣ ወደኛ አገር አዞሩ። ከዚያ ድምፁ ለኛም መጣ። ከመታጠፊያው ላይ ቡናማ ውሃ ቅጠልና አረፋ እየገፋ ብቅ አለ። ባሌ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። የሽማግሌው ልጅ ብብቱን ይዞ ጎትቶ አወጣው፤ ውሃውም ጉድጓዱን ሞልቶ አለፈ። ከብቱ ሁሉ እየተጋፋ ገባ። በውሃው ላይ ሣር ከነሥሩ፣ ከነጭቃው ይንሳፈፍ ነበር፤ የኩሬያችን ግንብ ነው። አባቴ አፍርሰውታል። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

የሽማግሌው ልጅ አንዱን የሣር ቁራጭ ከውሃው አንሥቶ አገላብጦ አየው። «እሑድ ቀኑ የናንተ ነው፤ ለአምላካችሁ ያሻችሁን ያዙ» አለ። «በኛ ቀን ከሆነ ግን ሣሩ ከውሃው ይቅደም።» ባሌን ይዤው ልሂድ ብዬ ለመንኩት። መሐላው እስከ ክረምት ነው አለኝ። ባሌም በዓይኑ ሂጂ አለኝ፤ መዳፉ በዶማው ተልጦ ይደማ ነበር።

ያን ቀን አልዩ አምባ ነጋዴዋ ቤት አደርኩና ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ቤቴ ደረስኩ። ወንዙ ሲንሿሿ እየሰማሁ ነው ዳገቱን የወጣሁት። አባቴ በራፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጭቃው እግራቸው ላይ ደርቋል። «ስትወርጂ ከሜዳው ላይ አየሁሽ» አሉኝ። «ያፈረስኩት ብቻዬን ነው። አንድም ሰው አላገዘኝም።» እግራቸውን አጠብኳቸው።

ወተት ይዤ ሽማግሌውን ፍለጋ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጠገባቸው ጉድጓድ አለ። አፈሩ ከጎኑ ተከምሯል፣ ዶማው አፈሩ ላይ ተሰክቷል። የሰው ቁመት ያህል ርዝመት አለው፤ ጥልቀቱ ግን ከጉልበት አያልፍም፤ መሬታችን ድንጋይ ነው። ጎረምሶቹ እኔ ከሄድኩ በኋላ፣ የባሌ ሞት ሲሰማ ሽማግሌውን ሊቀብሩበት አስቀድመው ያዘጋጁት ነው። አባቴ ከኩሬው ሲመለሱ ደርሰው በመቋሚያቸው ባይበትኗቸው ኖሮ፣ ድንጋዩንም ፈልፍለው ይጨርሱት ነበር። ሽማግሌው ሲቆፈር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይተዋል።

ፊታቸውን ማየት አቃተኝ።

«ልጄን አገኘሽው?» አሉኝ።

«አገኘሁት።»

«ባልሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ከልጅዎ ጋር ተጋግዘው ጉድጓድ ይቆፍሩ ነበር።»

ዓይናቸውን አነሡ። «የምን ጉድጓድ?»

«የውሃ።»

«ወጣ?»

«ወጣ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ቀስ ብለው። አጠገባቸው ያለውን አዩት። «እዚህ ውሃ የለም» አሉ። ተነሡና በምርኩዛቸው አፈሩን ወደ ውስጥ መግፋት ጀመሩ። እኔም ወተቱን አስቀምጬ በእጄ ገፋሁ። ሁለታችን ሞላነው።

የዚያ ዓመት ጥምቀት ውሃው ከቁርጭምጭሚት አላለፈም። ደብተራው እስኪበቃው አጉረመረመ፤ አባቴ በጭልፋ እየቀዱ ረጩን። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከከተራ በፊት ሰው ሣር ይዞ ይወርድ ነበር። እኔን ግን የዚያን ዓመት ቀሪ በጋ ሌላ ፍርሃት በላኝ። ሽማግሌው ስለ ጓሮው ጉድጓድ ለልጃቸው ይነግሩት ይሆን? ቁጡ ነው፤ ቃሉን አያጥፍም። ልጠይቃቸው እነሣለሁ፤ አፌ አይታዘዝም። ዓርብ ዓርብ ወተቱን አስቀምጬላቸው ቶሎ እወጣለሁ።

ክረምቱ ገባና መያዣዎቹ የሚመለሱበት ቀን ደረሰ። ዋርካው ሥር የኛ ሰዎች በወዲህ፣ አዳሎቹ በወዲያ ቆሙ። ባሌ ከወዲያ፣ ሽማግሌው ባናቸውን ለብሰው ከወዲህ ውሃው ውስጥ ገቡ፤ መሀል ላይ ተላለፉ። ባሌ አጠገቤ መጥቶ ቆመ፤ እኔ ግን ዓይኔን ከማዶ አላነሣሁም። የሽማግሌው ልጅ አባቱን እጁን ስሞ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ምን አለ?» አልኩት ባሌን።

«እንዴት ያዙህ ነው ያለው።»

ሽማግሌው ዞር ብለው ወደኛ አዩ። ከጎረምሶቹ አንዱ ከኋላዬ ትንፋሹን ሲውጥ ሰማሁት። ከዚያ መለሱለት፤ አጭር ነበር። ባሌ ሳልጠይቀው ተረጎመልኝ።

«ወተት እጠጣ ነበር አሉት።»